ካርታው ንጹህ ነው፤ ቤቱስ?

አክስቴ ሰሚት አካባቢ ቤት የገዛችው በኅዳር ወር ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ግድግዳው ቀለሙ ገና ያልደረቀ የሚመስል፣ ግቢው በንጣፍ ድንጋይ ያማረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሯሩጠናል። ሩጫው ሁሉ ግን ለወረቀቱ ነበር። ካርታው ከማኅደሩ ጋር መመሳሰሉን አረጋገጥን፤ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አስመጣን፤ የሻጩ ባለቤት መስማማቷን፣ የግብሩ ደረሰኝ የዘንድሮ መሆኑን አየን፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ተሰልፈን ውሉን ፈረምን። ቤቱን ራሱን ያየነው ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎን ተቀምጠን፣ የቀረበልንን ቡና እየጠጣን።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የምሥራቁ መኝታ ቤት በር አልዘጋ አለ። አክስቴ እንጨቱ በዝናብ አብጦ ነው ብላ አናጺ ጠራች፤ አናጺው ጠርዙን በመላጊያ ላግ ላግ አድርጎላት ሄደ። በነሐሴ ከዚያው በር ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ ሰያፍ ስንጥቅ ታየ። ጳጉሜን ሲደርስ ሳንቲም ያስገባ ነበር። መሐንዲስ የጠራነው ያኔ ነው። ወጣት ነው፤ ስንጥቁን አይቶ ብዙም አልተገረመም። በኪሱ ቢላዋ ቀለሙን ፍቆ ከሥሩ የተደራረበውን ስቱኮ አሳየን። ሦስት እርከን ነበር። «እትዬ፣ ስንጥቁ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ቀለሙ ነው» አላት።

«ታዲያ ልጄ፣ ይህን ከመግዛቴ በፊት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች አክስቴ።

ከመግዛቷ በፊት ግን የጠራው ሰው አልነበረም። ጠበቃ አማክረናል፤ ጸሐፊ ከፍለናል፤ ደላላው ሁለት በመቶውን ወስዷል። ቤቱን በሙያ ዓይን እንዲያይ አንድ ሰው ለግማሽ ቀን መጥራት ግን ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። ከዚያ ወዲህ ቤት የገዙ ወዳጆቼን ሁሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ወረቀቱን እንደ ዳኛ መርምረናል ይላሉ፤ ቤቱን ያዩት እንደ እንግዳ ነው።

ወረቀቱን መፍራታችን ምክንያት አለው። በሐሰተኛ ካርታ የተሸጠ፣ ለሁለት ሰው የተሸጠ፣ ወራሾች የሚከራከሩበት ወይም በባንክ የተያዘ ቤት ገዝቶ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ይህ ጥንቃቄ ይቀነስ የሚል ሰው ካለ አልሰማውም። ሁለተኛው ምክንያት ዋጋው የሚጠራበት መንገድ ነው። በከተማችን የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ካሬ ነው?» ነው፤ ሁለተኛው «ከአስፋልት ስንት ሜትር ይገባል?» ነው። ቤቱ እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ገዢውም «ለጊዜው እገባበታለሁ እንጂ አፍርሼ እሠራዋለሁ» ይላል። እንዲህ ካሉት መካከል ገንዘባቸው በግዢው አልቆ በዚያው ቤት ልጆች ያሳደጉትን እኔ ብቻ እንኳ ብዙ አውቃለሁ።

የሕጉ አቋም ደግሞ ከዚህ ልማድ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ መሬት የሚሸጥ ነገር አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ ደንግጓል። በውሉ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ የይዞታው መብት የሚተላለፈው እሱን ተከትሎ ነው። እንግዲህ በሕግ ዓይን ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ግድግዳው፣ ጣሪያውና መሠረቱ ነው ማለት ነው፤ ከሁሉ ነገር ተለይቶ ሳይመረመር የሚታለፈውም እሱው ነው።

የአክስቴን ግድግዳ የሰነጠቀው ምን እንደሆነ ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ቤት የሚፈልግ ሁሉ ይመለከተዋልና። ከቦሌ አንሥቶ በሰሚትና በሲኤምሲ አድርጎ እስከ አቃቂና ቃሊቲ በብዙ ቦታ የሚገኘው መሬት ጥቁር አፈር ነው። ግንበኞች «ብላክ ኮተን» ይሉታል። በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። እብጠቱ ቀላል አይደለም፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤትን ከነመሠረቱ የማንሣት ጉልበት አለው። የሚጎዳውም በመነሣቱ ብቻ ሳይሆን እኩል ባለመነሣቱ ነው። የአሸንዳው ውሃ የሚወርድበት ማዕዘን ብዙ ጠጥቶ ሲያብጥ በመሀል ሳሎን ሥር ያለው አፈር እንደ ደረቀ ይቆያል። አንዱ ጥግ ወደ ላይ፣ መሀሉ ባለበት፤ ግድግዳው መሀል ለመሀል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን የሚጀምረው ግድግዳው የሚሳሳው እዚያ ስለሆነ ነው። በበጋ ደግሞ አፈሩ ይሰበሰባል፤ ስንጥቁ ይጠባል፤ ቀለም ቀቢ ይጠራል፤ ቤቱም በኅዳር ለገበያ ይወጣል።

መድኃኒቱ በግንባታ ጊዜ የታወቀ ነው። ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካትና እያጠጡ መጠቅጠቅ፣ ወይም መሠረቱን ጠንካራው መሬት ድረስ ማውረድ፣ በቤቱ ዙሪያም ውሃ የማያስገባ ንጣፍ አድርጎ የዝናቡን ውሃ አርቆ መሸኘት። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ የሚቀበረው ከመሬት በታች ነው። ማንም የማያየው ነገር ላይ ለመቆጠብ የሚፈተን አሠሪ ብዙ ነው። ገዢው የተቆጠበውን ገንዘብ ከነወለዱ የሚከፍለው ከዓመታት በኋላ ነው።

ስንጥቅ ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ ይህን አለመለየት ደግሞ ደህናውን ቤት ያስጥላል። ፀጉር የሚያክል፣ ልስኑ ላይ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ልስኑ ቶሎ ከመድረቁ የመጣ ነው። በኮሎንና በብሎኬት መጋጠሚያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን መስመርም ሁለቱ ማቴሪያሎች ሙቀትና ቅዝቃዜን በተለያየ መጠን ስለሚቀበሉ የሚፈጠር ነው፤ ያስከፋል እንጂ አያፈርስም። የሚያሳስበው ሰያፍ ሆኖ የሚሄድ፣ አንድ ጫፉ ሰፋ ያለ፣ ከውስጥም ከውጭም በአንድ ቦታ የሚታይ ነው። ከዚያም በላይ የሚያሳስበው ኮሎን ወይም ቢም ላይ በፌሮው አቅጣጫ የሚሄድና የዝገት ቀለም የሚያወጣ ስንጥቅ ነው፤ የዛገ ፌሮ አብጦ ኮንክሪቱን ከውስጥ እየገፋው ነው ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማበት ጊዜ ሁላችንም ግድግዳችንን ቀና ብለን አይተናል። ያኔ የታየው ስንጥቅ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

መሐንዲሱ አክስቴ ቤት ያደረገው ቀላል ነገር ነበር። ስንጥቁ ላይ በሁለት ቦታ እፍኝ የማይሞላ ጂፕሰም ለጠፈና ቀኑን በእርሳስ ጻፈበት። ጂፕሰም አይለጠጥም። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል፤ ካልተንቀሳቀሰ እንዳለ ይቆያል። በመስከረም 5 የተለጠፈው በኅዳር መጨረሻ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አፈሩ ሲደርቅ ቤቱ ተመልሶ ሲቀመጥ መሆኑ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የአክስቴ ልጅ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ወደደች። ትምህርቱ ያልጠፋባት አክስቴ ያንኑ መሐንዲስ አስጠራችው። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ የቤት ምርመራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደርሶ ቤቱ አልገባም። ሕንጻውን ዞረው። የመታጠቢያ ቤቶቹ ቱቦ የሚወርድበትን የጀርባ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ አየ፤ ከአራተኛው ፎቅ ጀምሮ አረንጓዴ የለበሰ ጥቁር መስመር ይወርድ ነበር። የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን አስነሣና በባትሪ አየ። ምድር ቤት የሚኖሩ እናት በራቸው ላይ ቆመው ነበር። «እማማ፣ ይሄ ጉድጓድ በክረምት ይሞላል?» አላቸው። «በየዓመቱ ነዋ! አዋጥተን ነው የምናስመጥጠው» አሉት። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ደላላውም ሻጩም አልነገሩንም ነበር።

ቤት ገብቶ ወለሉ ላይ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ በየማዕዘኑ ቱንቢ ጣለ። ከዚያ በሳንቲም ሴራሚኩን እየመታ ሄደ። በደንብ የተለጠፈ ሴራሚክ ድምፁ ድፍን ነው፤ ሥሩ ባዶ የሆነው እንደ ጣሳ ይጮኻል። መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ አምስት ሴራሚክ ጮኹ። ቧንቧዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ከፍቶ ሻወሩን አፈሰሰው፤ ውሃው ከመውረጃው ርቆ ጥግ ላይ ሲጠራቀም አየን፤ ተዳፋቱ በተቃራኒው ተሠርቷል። የወጥ ቤቱን ሲንክ አፍኖ ሞላውና በአንዴ ለቀቀው፤ ከሥሩ ተንበርክኮ በመሐረብ ዙሪያውን ጠረገ። መሐረቡ እርጥብ ሆኖ ወጣ።

የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ በአዲስ ጂፕሰም ቦርድ ተሸፍኗል። ሌላው ክፍል ሁሉ ባዶ ሶሌታ ሆኖ ይህ አንዱ ብቻ ለምን አማረ? ሻጩን አስፈቅዶ የመብራቱን ቀዳዳ ከፈተና በባትሪ አየ። ሶሌታው ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ነበር፤ ኮንክሪት ውስጥ ያለፈ ውሃ ሲተን ትቶት የሚሄደው ነገር ነው። የላይኛው ቤት መታጠቢያ ያፈስሳል ማለት ነው። በኮንዶሚኒየም ይህ ችግር ከሁሉ የከፋው በገንዘቡ አይደለም። ውሃው የሚታየው በእርስዎ ቤት፣ መጠገን ያለበት በጎረቤት ቤት ነው፤ ጎረቤትዎ ሴራሚኩን ለማስነሣት ፈቃደኛ ካልሆነ የቤቱ ጉዳይ የጉርብትና ጉዳይ ይሆናል። መሐንዲሱ ይህን ስለሚያውቅ ወደ ላይ ወጥቶ በር አንኳኳ፤ ባለቤቱ ጨዋ ሰው ሆነው አስገቡት።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የመታኝ ግን ኤሌክትሪኩ ነው። ቆጣሪው ሥር ያለውን ሳጥን ከፈተ። ለምጣዱ የተሳበው ሽቦ 1.5 ሚሊ ነበር፤ ብሬከሩ ግን ባለ 32 አምፒር። ገረመኝና ምን ችግር አለው አልኩት። አስረዳኝ፦ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፒር ማለት ነው። ቀጭኑ ሽቦ ያን ያህል ለሰዓታት መሸከም ይከብደዋል፤ ይግላል። ቀድሞ የነበረው ትንሽ ብሬከር እንጀራ በተጋገረ ቁጥር እየዘለለ አስቸግሮ ይሆናል፤ አንድ ሰው ሽቦውን መቀየር ሲገባው ብሬከሩን ቀይሮታል። አሁን ብሬከሩ አይዘልም። ሽቦው ይቃጠላል እንጂ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና ጠባቂው ከሚጠበቀው በላይ ሲታገሥ ጥበቃ የለም። ሻጩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲሰሙ ደነገጡ። ሦስት ልጆቻቸው እዚያ ቤት ውስጥ ነው ያደጉት።

ምርመራው ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ውጤቱ «አትግዙት» አልነበረም። የሽቦው ቅየራ በሻጩ ወጪ እንዲሆን፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ዋጋ እንዲቀነስ፣ የላይኛው ጎረቤት ጥገና ከርክክብ በፊት እንዲያልቅ ተስማሙ። ልጅቷ ቤቱን ገዛች፤ አሁን ትኖርበታለች። ምርመራን ቤት የማፍረስ ሥራ አድርገው የሚፈሩት ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል። ምርመራ ዋጋውን ከቤቱ ጋር ያስታርቃል፤ ያን ያህል ነው፤ ያም ብዙ ነው።

አንዳንዶች ባንክ ስላበደራቸው ቤቱ የተመረመረ ይመስላቸዋል። የባንክ መሐንዲስ በእርግጥ ይመጣል። የሚመጣው ግን ብድሩ ባይከፈል ቤቱ ተሸጦ ስንት እንደሚያወጣ ለመገመት ነው፤ ሲንኩን አፍኖ አይሞላም። ወረዳው የሰጠው የግንባታ ፈቃድና የመጠቀሚያ ፈቃድም ቤቱ በዚያ ቀን በነበረበት ሁኔታ የተሰጠ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጓሮ የተቀጠለችውን ሰርቪስ ቤትና ሳሎን ለማስፋት የተነሣውን ግድግዳ አያውቅም። ካርታው ላይ ያለውን ሥዕል ይዞ ግቢውን በሜትር መለካት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከወሰን ያለፈ አጥር የተገኘው እንዲህ ሲደረግ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ብዙ ገዢ «ችግር ቢኖር እከሰዋለሁ» ብሎ ስለሚጽናና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለገዢ ጥበቃ አለው። ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ ይሆናል። ነገር ግን ያው ሕግ ከገዢም ይጠብቃል፤ የገዛውን እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ። ጉድለቱ ግልጽ ሆኖ ገዢው ያላየው በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ዋስትናው አይደርስለትም። ክስ የማቅረቢያውም ጊዜ አጭር ነው። ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ሸሽጎ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ግን ሸሽጎ መሆኑን ማስረዳት የገዢው ሸክም ይሆናል። ሦስት እርከን ስቱኮ ለእኛ የማያሻማ ማስረጃ መስሎን ነበር። ያነጋገርነው ጠበቃ ግን «ስቱኮውን የቀባው እሱ ነው ወይስ ከእሱ በፊት የነበረው?» ብሎ ሲጠይቀን መልስ አልነበረንም። አክስቴ አልከሰሰችም። መሠረቱን ለማጠናከርና በዙሪያው ንጣፍ ለማድረግ ለልጇ ሠርግ ያስቀመጠችውን ገንዘብ አወጣች።

ስለዚህ ዋናው ጊዜ ከቀብድ በፊት ያለው ነው። ቀብድ በእኛ ልማድ ቃልን ማሰሪያ ነው፤ በሕጉም ክብደት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ከፍሎ መሐንዲስ የሚጠራ ሰው ችግር ቢያገኝም እጁ ታስሯል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋ ሐረግ ግን በር ትከፍታለች። «ገዢው በአስር ቀን ውስጥ ቤቱን በመሐንዲስ አስመርምሮ ከባድ ጉድለት ቢገኝ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቀብዱ ውል ላይ ማስገባት ይቻላል። ደላላ ይቆጣል፤ «ሌላ ገዢ ቆሟል» ይላል። እውነትም ቆሞ ሊሆን ይችላል። በጥድፊያ የሚሸጥ ቤት ግን መጀመሪያ መመርመር ያለበት ነው።

አዲስ ቤት ከአልሚ የሚገዙ ሰዎች ነገሩ የማይመለከታቸው ይመስላቸዋል። ይመለከታቸዋል። ገንዘቡ በክፍያ ደረጃ ሲከፈል ሥራው በደረጃው ልክ መሠራቱን የሚያይ የራሳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ በርክክብ ቀንም የጉድለቱ ዝርዝር በጽሑፍ ወጥቶ ሁለቱም ሳይፈርሙበት ቁልፍ መቀበል አይገባም። የሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሕንጻ ጽናት ለ10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን፣ የአፈሩ ጠባይ ያመጣው ጉዳት ሳይቀር እንደሚያስጠይቀው ሕጋችን ይላል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ጥቂት ነው፤ የውሉንና የርክክቡን ወረቀት አስር ዓመት የሚያስቀምጥ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ሻጮች ይህን ሁሉ ሲሰሙ ራሳቸውን እንደ ተከሳሽ ይቆጥራሉ። እኔ ግን ምርመራው ለሻጭ ያለው ጥቅም ተደብቆበት እንደኖረ አምናለሁ። ቤቱን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት መሐንዲስ ያስገባ ሻጭ ትንሹን በትንሽ ዋጋ ይጠግናል፤ አሸንዳ ማስቀየር፣ የሚያፈስስ ቆርቆሮ ላይ ምስማር ማስመታት፣ ሽቦ ማስተካከል። የማይጠገነውን በጽሑፍ አስቀምጦ ለገዢው ይነግራል፤ ዋጋውንም በዚያ ልክ ይጠይቃል። አውቆ የገዛ ሰው በኋላ «አላውቅም ነበር» ብሎ ሊከስ አይችልም። የቀለም ሽፋን ሻጩን ለአንድ ወር ይጠብቀዋል፤ የጽሑፍ መግለጫ ግን ዕድሜውን ሙሉ።

ከአገር ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ነገር በሌላ መልክ ያውቁታል። በአሜሪካ ቤት ለመግዛት የሚቀርበው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ በምርመራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ገዢው በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ኢንስፔክተር አስገብቶ፣ ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት ታይቶ፣ ፎቶ ያለበት ሪፖርት ይቀበላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ከመሸጡ በፊት የሬዶን ጋዝ እንዲለካ አስገድዷል። ሬዶን ከአፈር የሚወጣ፣ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ነው፤ በዚያ አገር ከሲጋራ ቀጥሎ ዋነኛው የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው። በሊትር 4 ፒኮኩሪ ከደረሰ መፍትሔ ይደረግ ይባላል፤ መፍትሔውም ቱቦና ማራገቢያ ነው። ጋዙ የሚጠራቀመው ምድር ቤት ነው። የእኛ ሰዎች ደግሞ ከአገር የመጣ ዘመድ የሚያሳርፉት፣ አለዚያም የሚያከራዩት ምድር ቤቱን ነው። ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ ቤቶችም ልጆችን የሚጎዳ የእርሳስ ቀለም ሊኖር ስለሚችል የፌዴራሉ ሕግ ገዢው የማስመርመሪያ 10 ቀን እንዲሰጠው ያዝዛል። ገበያው በጋለበት በ2021 እ.ኤ.አ. ብዙ ገዢዎች ከሌሎች ለመቅደም ሲሉ ምርመራውን ራሳቸው ተዉት። መብቱ ያለበት አገር እንኳ ጥድፊያ እንዲህ ያደርጋል።

የሚገርመኝ፣ እዚያ ያለ ኢንስፔክተር ፊርማ የማያኖሩት እነዚሁ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ቤት ሲገዙ በስልክ ቪዲዮ መግዛታቸው ነው። እህት ወይም ወንድም ስልኩን ይዞ ሳሎኑን ያሳያል፤ እብነ በረዱ ያበራል፤ ውክልናው ይላካል። የላከው ዘመድ ታማኝ ነው፤ ግን መሐንዲስ አይደለም፤ ቤቱም አላማረም ብሎ የወንድሙን ደስታ መቀነስ አይፈልግም። ከዚያ ሁሉ ዶላር ላይ ለአንድ ሙያተኛ ጥቂት ቢመደብ ዘመዱም ከኋላ ወቀሳ ይድን ነበር።

እዚህ አገር የቤት ምርመራን ብቻ መተዳደሪያው ያደረገ ሙያተኛ ገና አልተለመደም። የሙያ ፈቃድ ያለው ሲቪል መሐንዲስ ግን አለ፤ ልምድ ያለው ኤሌክትሪሺያንና የቧንቧ ሠራተኛ አለ። ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣውን ሳይሆን ራስዎ የመረጡትን ይውሰዱ፤ ያየውንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍና በፎቶ ይቀበሉ። ለአሮጌ የጭቃ ቤት ሌላ ዓይን ያስፈልጋል፤ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ መሬት የነኩበት ቦታ በስብሶ ወይም ምስጥ በልቶት እንደሆነ በብረት ዘንግ ወጋ ወጋ አድርጎ የሚያይ።

ዘንድሮ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብዱን ከመቁጠራችሁ በፊት መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለም ቤቱን በሐምሌና በነሐሴ እዩት፤ ዝናብ ወርዶ ካባራ በኋላ፣ በጠዋት፣ ቡናው ሳይቀርብ። ምድር ቤት የሚኖሩትን እናት ስለ ጉድጓዱ ጠይቋቸው።